የወደቀ የአይቲ ፕሮጀክት ሲመረመር፦ ምርመራው ለምን ታች ያለው ሰው ላይ ይቆማል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ሲያብከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስለሆነ የውይይት ክር ልክፈትበት ብዬ ነው። ሥራዬ የወደቁ ወይም ለመውደቅ የተቃረቡ የአይቲ ፕሮጀክቶችን መመርመር ነው። ሪፖርት አነባለሁ፣ ቃለ ጉባኤ አገላብጣለሁ፣ ሰው አነጋግራለሁ። ደጋግሞ የሚገጥመኝ፣ የተሰበረው ነገር እንደተገኘ ምርመራው ወዲያው የሚዘጋበት ሁኔታ ነው። ስህተት ያለባት የኮድ መስመር ተገኘች፣ የጻፋት ልጅ ታወቀ፣ ደብዳቤ ተጻፈለት፣ በቃ። ያቺ መስመር ሙከራውን፣ ርክክቡንና የሥራ አመራሩን ስብሰባ ሁሉ አልፋ እንዴት ሥራ ላይ ዋለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

የለንደን አምቡላንስ አገልግሎትን ጉዳይ እንይ። አዲሱ የአምቡላንስ ማሰማሪያ ሲስተም ኦክቶበር 26 ቀን 1992 ሥራ ጀመረ። ወዲያውኑ አምቡላንሶቹ የት እንዳሉ መለየት አቃተው፤ ለአንዱ ጥሪ ሁለት መኪና ሲልክ ሌላው በሽተኛ ሰዓታት ይጠብቅ ነበር። ኖቬምበር 4 ሌሊት ላይ ጭራሹን ቆመ። ያቆመው አንድ ፕሮግራመር ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ሲሠራ ረስቶ የተወው ቁራጭ ኮድ ነበር፤ መኪና በተሰማራ ቁጥር ከሰርቨሩ ሜሞሪ ጥቂት ይይዝና አይለቅም። ምርመራው እዚያ ቢያበቃ ጥፋተኛው ያ ፕሮግራመር ሆኖ ይቀር ነበር። በፌብሩዋሪ 1993 ይፋ የሆነው የአጣሪዎቹ ሪፖርት ግን ወደ ኋላ ሄዶ ጨረታውን መረመረ። ከሁሉ በላይ የተመዘነው ዋጋ ነበር፤ የጊዜ ገደቡ ሊደረስበት የማይችል ነበር፤ ሥራውን የወሰዱት ያን ያህል ከባድ ሲስተም ሠርተው አያውቁም ነበር፤ ሲስተሙ እንደ አንድ ሙሉ አካል ተፈትሾ አልነበረም። ይህን የመሰለ ምርመራ ለምን ብርቅ ሆነ? እናንተ ባያችሁት ምርመራ ከየት ይጀመራል? የትስ ይቆማል?

(ክሩ ረዝሞ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ስለተቸገሩ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በሐሳቡ ተስማምቶ የአውሮፓን አሪያን 5 ሮኬት ጨመረ። ጁን 4 ቀን 1996 የተወነጨፈችው ሮኬት 40 ሰከንድ ገደማ በርራ የጠፋችው፣ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ኮድ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲለውጥ ቦታው ለቁጥሩ አልበቃ ብሎ ነው። እሱን ያንገበገበው ስሌቱ ሮኬቷ ከተነሳች በኋላ ለምንም የማይፈለግ መሆኑ ነው። አጣሪ ቦርዱ ኮዱን ማን ጻፈው በሚለው ላይ አልተጣበቀም። በቀድሞዋ ሮኬት ስለሠራ ብቻ ለምን ታመነ፣ በአዲሷ ሮኬት የበረራ መስመር ለምን አልተፈተሸም የሚለውን አነሳ። መላሹ ይህን እንደ አርአያ የሚታይ ምርመራ ነው ብሎታል፤ እኔም እስማማለሁ።

መልስ 2

በትሕትና ግን በግልጽ ተቃወመችኝ። ምሳሌዎቻችን ሁሉ በአንድ ጀምበር የፈነዱ ናቸው፤ አብዛኛው ፕሮጀክት የሚወድቀው ግን ምንም ሳይፈነዳ፣ ቀስ በቀስ ነው አለች። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የምርመራ መዝገቦቹን በኮምፒውተር ለመያዝ የጀመረውን ፕሮጀክት በ2005 ሲሰርዘው 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር። የተሰበረ ሰርቨር የለም፣ የተሳሳተ ቀመር የለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ያገኘው በቅጡ ሳይገለጽ ሥራው የተጀመረበትና እያደር የሚለዋወጥ ፍላጎት (ሲስተሙ እንዲሠራው የሚጠየቀው ነገር ዝርዝር)፣ የላላ ውል፣ በየጊዜው የሚቀያየር አመራር ነው። ታዲያ የተሰበረ ነገር በሌለበት ከየት ይጀመራል? ይህ ጥያቄዋ ክሩን ከእኔ ጥያቄ በላይ መርቶታል።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ሰው ስታንዲሽ ግሩፕ የተባለ የአሜሪካ የአይቲ ጥናት ድርጅት በ1994 ያወጣውን ጥናት ጠቅሶ፣ ከፕሮጀክቶች ውስጥ በጊዜያቸው፣ በበጀታቸውና በሙሉ ይዘታቸው ያለቁት 16.2 በመቶ ብቻ ናቸው፣ 31.1 በመቶው ተሰርዘዋል አለ። ስለዚህ አንድ በአንድ መመርመር ትርፉ ድካም ነው፣ ሙያው ራሱ ነው የታመመው የሚል መደምደሚያ ሰጠ።

አራተኛው መላሽ በጨዋ ቋንቋ አረመው። የጥናቱ አሠራር በበቂ ሁኔታ ተገልጾ አያውቅም። ወጪ በአማካይ በ189 በመቶ ይበልጣል የሚለውን አኃዝ ማግነ ዮርገንሰን የተባሉ ኖርዌያዊ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በ2006 ሞግተውታል። ሌላም ነገር አለ፤ ስኬት የሚለካው በመጀመሪያው ግምት ከሆነ፣ በጀቱን አጋኖ የገመተ ሰው ሁልጊዜ ስኬታማ ሆኖ ሊቆጠር ነው። እሱ የሚመርጠው ፍሊውብየርግና ቡዲዚየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡትን ነው። 1,471 ፕሮጀክቶች ታይተው አማካይ የወጪ ብልጫው 27 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ከስድስቱ የአንዱ ወጪ ግን በአማካይ በ200 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። አደጋው ያለው በአማካዩ ላይ ሳይሆን በእነዚያ ከስድስት አንድ በሆኑት ላይ ነው ማለት ነው፤ መመርመር ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

መልስ 5

ሦስተኛው ተመልሶ አመሰገነ፤ አኃዙን ለዓመታት በየስልጠናው ሲሰማው የኖረ በመሆኑ እንዳላጣራውም ገለጸ። እንዲህ ያለ መልስ በመድረኮች ላይ ብዙም ስለማይታይ መጥቀሴ ነው።

መልስ 6

ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። የክሩ ዋና ክፍል እሳቸው የጻፉት ይመስለኛል። ለሁለተኛዋ መላሽ ጥያቄ የሰጡት ምላሽ፣ የተሰበረ ነገር ከሌለ ከቀኑ ይጀመራል የሚል ነው። ሰው ከማነጋገር በፊት ሰነዱ በሙሉ ይሰብሰብ፤ ውሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ወርኃዊ ሪፖርቱ፣ ኢሜይሉ፣ የስጋት መዝገቡ። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር። ቃለ መጠይቅ ቀድሞ ከመጣ፣ ውጤቱን ያወቀ ሰው ትዝታውን በውጤቱ ልክ ያስተካክለዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 ባደረጉት ሙከራ የነገሩን መጨረሻ የተነገራቸው ሰዎች ቀድሞም ይታወቅ ነበር ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። አዛውንቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት የጠቀሱት እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮጀክት ከወደቀ በኋላ እኔ ብያለሁ የማይል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። በእርግጥ ቀድሞ የተናገረውን ሰው የሚለየው ቀን ያለበት ወረቀት ብቻ ነው።

ቀጥለው አንድ ትዝታ አካፈሉን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቀሱም። የአንድ ፕሮጀክት ወርኃዊ ሪፖርቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጓቸው፣ የዳታ ዝውውሩ 90 በመቶ ተጠናቋል የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በሁሉም ላይ አገኟት። የምትለወጠው ቀኗ ብቻ ነው። ተጠናቋል የሚለው ቃል ውስጥ አንድ የፊደል ግድፈት ነበር፤ እሱም ሳይታረም ከወር ወር ተሸጋግሯል። ሪፖርቱን የምትሞላው ጸሐፊ ስትጠየቅ፣ አዲስ ነገር እስኪነገራት ያለፈውን እንድትገለብጥ መታዘዟን አስረዳች። አዲስ ነገር ማንም አልነገራትም። ከላይ የተቀመጡት ኃላፊዎች በየወሩ ፈርመውበታል፤ ግድፈቷን ያየ ግን የለም። እኚህ ሰው ምርመራቸውን የጀመሩት ቁጥሩ መንቀሳቀስ ካቆመበት ወር ነው። ፕሮጀክቱ በይፋ የተሰረዘው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ስለነበር፣ የሚመረመረው ጊዜ ሌላ ሆነ።

መልስ 7

አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እነሱ ዘንድም ቁጥሩ ያው 90 እንደነበር ጽፎ ወጣ።

መልስ 8

የአቅራቢ ድርጅቶችን ወገን ይዞ ገባ። ለሃያ ዓመት ሶፍትዌር ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። ምርመራ ሲባል ሁልጊዜ የሚከሰሰው ኮንትራክተሩ ነው፤ ፍላጎቱን ሳያነብ የሚፈርመው፣ ከፈረመ በኋላ በየሳምንቱ የሚቀይረው፣ ለሙከራ ሰው መድቡ ሲባል ሥራ በዝቶብናል የሚለው ደንበኛው ነው አለ። ስለ ርክክብ የጻፈው በተለይ ትክክል ነው፦ የመረካከቢያ ሰነዱን ከመፈረማቸው በፊት ሲስተሙን ከፍተው ያዩ ደንበኞች እጅግ ጥቂት ናቸው።

መልስ 9

የአንድ ትልቅ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ የሆነች ሴት መለሰችለት። በጨረታው ሰነድ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የትምህርት ማስረጃ ይያያዛል፤ ውሉ በተፈረመ በወሩ የሚመጡት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው። ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚደውሉት ለእነዚያው ባለሙያዎች ነው፤ እነሱም ሌላ ጨረታ ላይ ናቸው። ልጆቹን አልወቀሰችም፤ ከአቅማቸው በላይ የተጫነባቸው መሆኑን ለይታ ጽፋለች።

መልስ 10 እና 11

እዚህ ላይ አንቱታው ቀረ። ስምንተኛው መላሽ ዋጋ ቆርጠሽ ቆርጠሽ በርካሽ የገዛሽውን ሥራ በውድ ባለሙያ ልሠራልሽ ነው ወይ የሚል ይዘት ያለው ነገር ጻፈ። ዘጠነኛዋ ደግሞ ዋጋውን ያቀረበው ማን ነው፣ ያን ዋጋ አይበቃም ማለት ማን ከለከለህ ስትል መለሰች። አወያዩ ጣልቃ ገብቶ አስጠነቀቀ።

እኔም ገብቼ ሁለቱም የተናገሩት ነገር ሊደርስ እንደሚችል፣ ግን ሁለቱም ምርመራ እያካሄዱ እንዳልሆነ ጻፍኩ። ማን ይብሳል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ዋጋው እንደማይበቃ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው፣ መቼ፣ ለማንስ ነገረ የሚለው ግን መልስ አለው።

መልስ 12

ይህች መላሽ የአሥረኛውንና የአሥራ አንደኛውን ጠብ ወደ ቁም ነገር መለሰችው። የካናዳ መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈልበት ፊኒክስ የተባለው ሲስተም በ2016 ሥራ ላይ ዋለ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ደመወዛቸው ተጓደለ፣ ወይም ከሚገባቸው በላይ ተከፈላቸው፣ ወይም ጭራሽ ቀረ። በ2018 የወጣው የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ዋጋው አልበቃ ባለ ጊዜ ምን እንደተደረገ በዝርዝር ያሳያል። ሻጩ ለሥራው የገመተው ከጸደቀው በጀት በእጅጉ በለጠ። ኃላፊዎቹ ተጨማሪ ገንዘብ በመጠየቅ ፈንታ ከ984 የደመወዝ ተግባራት ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑትን አስወጡ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሊደረግ የታቀደውን የሙከራ ትግበራ ሰረዙ። የደመወዝን አሠራር የሚያውቁት ነባር ሠራተኞችም ሲስተሙ ሳይረጋጋ ተቀነሱ። በጀቱና ቀኑ ተጠበቁ፤ ደመወዙ አልተከፈለም። መላሿ እንዳሳሰበችው፣ ኦዲተሩ ክፉ ወሬ ወደ ላይ የማይወጣበትን የሥራ ባህል ጭምር መርምረዋል። እኔ በመነሻው ልል የፈለግሁትን ከእኔ በተሻለ ያስረዳ መልስ ነው።

መልስ 13

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ናት። በአንድ የአባላት መዝገብ ዝውውር ላይ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአዲሱ ሲስተም ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ሪፖርት ዳታውን ያዘዋወረው ቡድን ተሳስቷል አለ። እሷ ግን አሮጌውን ዳታቤዝ ከፍታ አየችው፤ የልደት ቀናቸው እዚያም 01/01/1900 ነው። አሮጌው ቅጽ የልደት ቀን ባዶ ሲሆን አላስቀምጥም ስለሚል፣ መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞች ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ይህንኑ ይሞሉ ነበር። ከዓመታት ልምድ በኋላ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ምልክት ሆኗል፤ ማንም አልጻፈውም እንጂ።

ከዚያ አንዲት የመስኮት ሠራተኛ በአዲሱ ሲስተም ስልጠና ላይ ይህን መናገሯን ገለጸችላት። የሚታመን ነገር ነው ወይ ብላ የስልጠናውን የመቆጣጠሪያ ቅጽ ፈለገች። ከፊርማው ቀጥሎ ባለው ጠባብ የአስተያየት ሳጥን ውስጥ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የ1900ዎቹ ምን ይደረጋሉ የሚል ተጽፎበታል። ቅጹ አበል ለመክፈል ተቆጥሮ ፋይል ተደርጓል። ቆጣሪው ፊርማውን እንጂ አስተያየቱን እንዲያይ አልታዘዘም።

መልስ 14 እስከ 16

ክሩ ወደ አጃይል፣ ማለትም ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ እያሳዩ ወደ መሥራት ስልት ዞረ። አንዱ የኤፍቢአዩን ጉዳይ ይዞ፣ ተተኪው ሴንቲኔል የተባለው ሲስተም በ2012 ሥራ የጀመረው መሥሪያ ቤቱ በ2010 ሥራውን በእጁ ወስዶ በአጃይል መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው አለ። ሌላው ያዳነው የቡድኑ ማነስና ኃላፊዎቹ ሥራውን በቅርብ ማየታቸው ነው ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ሰው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮድ ሲጽፍ ማን ይጠየቃል ብሎ ጠየቀ። አወያዩ ይህንን ለብቻው ክር ከፍቶለታል።

መልስ 17

ቁጣ የተሞላበት መልስ ነው፤ ያነጣጠረውም እኔ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲስተሙ ነው፣ ባህሉ ነው ማለት ማንም እንዳይጠየቅ መንገድ መጥረግ ነው አለ። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ደላላ ኦገስት 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የከሰረው፣ አንድ ቴክኒሻን አዲሱን ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጭን ስለቀረ ነው። ስምንት መቁጠር ያቃተው ሰው ካልተጠየቀ ማን ሊጠየቅ ነው?

መልስ 18

መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ትእዛዝ ቴክኒሻኑን አይሸሽግም፤ ስምንተኛው ሰርቨር መረሳቱን ያስቀምጣል። ግን ይቀጥላል። የእሱን ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያይ የሚያዝ የጽሑፍ አሠራር አልነበረም። ያ ሰርቨር ያስነሳው አሮጌ ተግባር ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ሳይውል ኮዱ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ፣ በዚያ ቀን ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ያንኑ አሮጌ ተግባር በስሙ የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኳል። እንደ ማስጠንቀቂያ ተቆጥረው እንዲነበቡ የተዘጋጁ ስላልነበሩ እርምጃ የወሰደ የለም። ቴክኒሻኑን አባርሮ ፋይሉን በዘጋ ድርጅት ውስጥ፣ ነገ ሌላ ቴክኒሻን ሌላ ሰርቨር ሲረሳ ኢሜይሎቹ አሁንም ሳይነበቡ ይቀራሉ።

መጠየቅ ይኑር፤ ወደ ላይም ይድረስ ነው የምለው። ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ በኤፕሪል 2018 ሲስተሙን ሲቀይር፣ አንድ ዓይነት መሆን ከነበረባቸው ሁለት የዳታ ማዕከሎች የጫና ሙከራ (ብዙ ሰው በአንዴ ሲጠቀም ይችለው እንደሆነ የሚታይበት) የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። ባንኩ በ2022 ተቀጣ። በ2023 ደግሞ የቀድሞው የኢንፎርሜሽን ዋና ኃላፊ አቅራቢው መዘጋጀቱን በአግባቡ ሳያረጋግጡ በመቅረታቸው በግላቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጥተዋል።

መልስ 19

አሥራ ሰባተኛው ሰው የቲኤስቢውን እቀበላለሁ፣ የቴክኒሻኑን ግን አልቀበልም ብሎ በአቋሙ ጸና።

መልስ 20

ሁለተኛዋ መላሽ ተመልሳ የጻፈችው ሁላችንንም ዝም አሰኘ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለውን የሒሳብ ሲስተም ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሒሳብ ሲጎድል የሚመረመረው ቅርንጫፉን የያዘው ሰው ነበር። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈርዶባቸዋል። የታሰሩ አሉ፤ ቤታቸውን ያጡ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። በሲስተሙ ውስጥ ጉድለቶች መኖራቸውን ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በዲሴምበር 2019 ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው አለች፤ በገንዘብ የማይተመን የሰው ሕይወት ጠፋበት እንጂ። መርማሪዎቹ ሥራ አልሠሩም ማለት እንደማይቻልም አስምራበታለች። ሌት ተቀን ሠርተዋል። ኮምፒውተሩ አይሳሳትም ከሚል ስለተነሱ ያገኙት ሁሉ ሌባ ሆነ።

መልስ 21

አንድ ወጣት ጥያቄ አቀረበ። እሱ ኮሚሽን አይደለም፣ ዳኛ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ውስጥ አንድ የወደቀ ፕሮጀክት መርምር ተብሎ ታዟል፤ ያዘዘው ደግሞ ፕሮጀክቱን የመራው አለቃው ነው። ምን ያድርግ?

መልስ 22

አዛውንቱ ኦዲተር ልጄ ብለው መለሱለት። መጀመሪያ ሪፖርቱ ከአለቃው በተጨማሪ ለሌላ ሰው፣ ለባለቤቱም ይሁን ለቦርዱ፣ በአንድ ቀን እንዲደርስ በጽሑፍ ያስፈቅድ። ካልተፈቀደለት ያንኑ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍር። ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ያውጣ፤ ቀኑ፣ የሆነው ነገር፣ በዚያ ቀን ያውቅ የነበረ ሰው፣ ያን የሚያሳየው ሰነድ፣ ከሰነዱ የሚለይ ቃል የሰጠ ሰው ካለ እሱም። ስም ከመጻፍ አይፍራ፤ ነገር ግን ሠንጠረዡ ሳይሞላ ስለማንም አስተያየት አይጻፍ። ታች ያሉትን ሠራተኞች ሲያነጋግርም አለቃው ባለበት አይሁን፤ ጥፋት ፈላጊ ሆኖም አይቅረብ። በዚያ ሳምንት ምን እያዩ እንደነበር እንዲያሳዩት ይጠይቃቸው።

መልስ 23

የዳታቤዝ አስተዳዳሪዋ አንድ ዓምድ ጎድሏል አለች። የሚያውቀው ሰው ማንነት ብቻውን አይበቃም፤ ያንን ለማን ነገረ፣ የሰማውስ ምን አደረገ የሚል ሊኖር ይገባል። የመስኮት ሠራተኛዋን ጉዳይ እንደ ማስረጃ አቀረበች፤ ያለዚያ ዓምድ የእሷ ማሳሰቢያ በሠንጠረዡ ውስጥ ታውቅ ነበር ተብሎ በጥፋት ሊቆጠርባት ይችላል።

መልስ 24

አዛውንቱ ልክ ነሽ ብለው ተቀበሉ። ዓምዱን ጨምሬ ሠንጠረዡን ከመነሻው ጽሑፍ ሥር አያይዤዋለሁ፤ ወጣቱም ዛሬ ማታ መሙላት እንደሚጀምር ጽፏል። ለምርመራ የታዘዘ ሰው ካለ አውርዶ ይጠቀምበት፤ የሚጎድል ዓምድ ያገኘም እዚሁ ይጻፍልን።